ካለፍክስ?

31 ዓመቴ ነው። ነርስ ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። እና የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ይህን ለሰው ስናገር መጀመሪያ የምሰማው "ዕድሜው ይፈቅዳል እንዴ?" የሚለውን ነው። ይፈቅዳል፣ ለጥቂት ጊዜ። ደንቡ 33ኛ ልደትህ ሳይደርስ የአብራሪነት ሥልጠናውን መጀመር አለብህ ይላል። ማመልከቻ ማስገባት አይበቃም፣ መመረጥም አይበቃም፣ ሥልጠናው ቦታ ደርሰህ መጀመር አለብህ። ድሮ ገደቡ ከዚህም ያነሰ ነበር፣ አብራሪ ሲያጥራቸው ነው ከፍ ያደረጉት። ከ33 በላይ ለሆነ ሰው ልዩ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ እኔ ግን እሱን ተማምኜ አልቀመጥም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ከ33 ወደ ኋላ መቁጠር እንዳለብህ ነው። ከሥልጠናው በፊት አላባማ፣ ማክስዌል የሚሰጥ የመኮንንነት ኮርስ አለ። ኦሃዮ፣ ራይት ፓተርሰን ሄደህ ደግሞ ከዓይንህ እስከ ልብህ ትመረመራለህ። ከዚያ ሁሉ በፊት የሚቀበልህ የበረራ ክፍል ማግኘት አለብህ፣ ፈተናዎቹን ማለፍ አለብህ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖርህ ይገባል፣ ሲቲዝን መሆን አለብህ። በየመሀሉ ወራት ያልፋሉ። ወረቀትህ የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል፣ አንተ ደግሞ ዕድሜህን ትቆጥራለህ።

እንዴት 31 ላይ ደረስክ ለሚለኝ መልሱ ቀላል ነው። ተወልጄ ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። የአየር ኃይሉ ሰፈር ሐረር ሜዳ ከተማው ውስጥ ነው፣ እኛ ልጆች ደግሞ ቀና ሳንል በድምፁ ብቻ የትኛው እንደተነሳ እንለይ ነበር። የከተማው ልጅ ግማሹ አብራሪ መሆን ይመኛል። አባቴ ሲሞት ግን የቤቱ ትልቅ ልጅ እኔ ነበርኩ። ቶሎ ሥራ የሚያስይዘው ነርስነት ነበርና ነርስነት ተማርኩ። ቀጥሎ ዲቪ ደረሰኝ። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ከዚያ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከዚያ ትምህርቱን ከታች ጀምሬ እንደገና ተማርኩ፤ ሌሊት እየሠራሁ፣ ቀን እየተማርኩ፣ በየወሩ ወደ ቤት እየላክሁ። ግሪን ካርድ ካገኘህ በኋላ ለዜግነት አምስት ዓመት ትጠብቃለህ። ታናናሾቼ ተመረቁ፣ አንዷ ዛሬ መምህር ናት። ዲግሪዬን ስጨርስ 30 ሞልቶኝ ነበር።

ስለዚህ አንድም ቀን ዘገየሁ ብዬ አላዝንም። እነዚያ ዓመታት ማመልከቻው ላይ የሚጻፉበት ሳጥን የላቸውም፣ ግን የት እንደገቡ አውቃለሁ። ይቆጨኛል ብዬ ብዋሽ ታናናሾቼን መካድ ይሆንብኛል።

ስለዚህ ነገር ሳነብ ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ታሪክ ነው። ሚሲሲፒ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ በረራ የተማረው ቺካጎ ነው። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጥቁር አብራሪ አይቀበልም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1935 ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ ሮቢንሰን አዲስ አበባ ገባ፣ ጃንሆይም የአየር ኃይላቸው አዛዥ አደረጉት። ያኔ ዕድሜው 30 ገደማ ነበር። የጦር አውሮፕላን የሚሉት አብዛኛው መሣሪያ ያልታጠቀ፣ ቁጥሩም እጅግ ጥቂት ነበር፤ እሱ በዚያ መልእክትና መድኃኒት ወደ ግንባር እያመላለሰ ይበር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1944 ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሞተ፣ አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። የገዛ አገሩ የከለከለችውን የእኔ አገር ሰጠችው። እኔ ደግሞ ዛሬ ከቢሾፍቱ ተነስቼ የእሱን አገር አየር ኃይል በር እያንኳኳሁ ነው። ይህን ሳስብ ብቻዬን ያለሁ አይመስለኝም።

ቤንጃሚን ዴቪስ ጁኒየርም አለ። በ1936 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሲመረቅ አብራሪ ለመሆን ጠየቀ፣ ጥቁሮች የሚመደቡበት የበረራ ክፍል የለም ተብሎ ተመለሰ። ክንፉን፣ ማለትም የአብራሪነት ምልክቱን፣ ያገኘው ጥቁር አብራሪዎች በሠለጠኑበት ቱስኪጊ፣ አላባማ፣ በ1942 ነው፣ በ29 ዓመቱ። ከዚያ ጄኔራል ሆነ። በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ የነበረው የማሪን አብራሪ ቦዪንግተን 30 ዓመት ገደማ ሲሆን በሥሩ የነበሩት ወጣት አብራሪዎች "ፓፒ" ይሉት ነበር፣ "አባባ" እንደ ማለት። ገና በ30 ዓመቱ! በዚህ ሙያ ጊዜ የሚለካው እንዲህ ነው፤ ለዚህ ነው የዕድሜ ጥያቄው ያን ያህል የሚከብደው።

እኔ የመረጥኩት ኤር ናሽናል ጋርድን ነው፣ በየክፍለ ግዛቱ ያለውን የአየር ኃይሉን ተጠባባቂ ጦር። እዚያ አብራሪውን የሚመርጠው ራሱ የበረራ ክፍሉ ነው። ከተመረጥክ በኋላ ለሥልጠናው ሙሉ ጊዜህን ትሰጣለህ፣ ከዚያ ግን በትርፍ ጊዜ እያገለገልክ የሲቪል ሥራህን መቀጠል ትችላለህ። ለማመልከት የምትፈልገው ክፍል ለወርኃዊ ልምምድ በሚሰበሰብበት ቅዳሜና እሁድ ፈቃድ ጠይቀህ ትሄዳለህ፣ ቡና ትጠጣለህ፣ ታወራለህ፣ ያዩሃል። የሚመርጡት ለብዙ ዓመት አብሯቸው የሚበር፣ ጦር ሜዳም አብሯቸው የሚሄድ ሰው ስለሆነ ነጥብ ብቻ አያዩም። አንድ ክፍል ጠርቶኝ ቃለ መጠይቅ አድርጎኛል። አልመረጡኝም። ቦርዱ ላይ ከነበሩት አንዱ ግን ደጅ ድረስ ሸኝቶኝ "ተመልሰህ ና" አለኝ፣ ይህን ለማንም የሚሉት አይመስለኝም።

ፈተናው ሁለት ነው። አንደኛው ለመኮንንነት የሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና ነው፤ ሒሳብ አለ፣ ሰንጠረዥ በፍጥነት ማንበብ አለ፣ የአውሮፕላን መሣሪያዎችን ሥዕል አይቶ አውሮፕላኑ ወዴት እንዳዘነበለ መለየት አለ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ በእጅህ ጆይስቲክ በእግርህ ፔዳል ይዘህ፣ ጆሮህ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር እየተነገረህ። የሁለቱ ውጤት ካለህ የበረራ ሰዓት ጋር ተደምሮ ከ1 እስከ 99 ነጥብ ይወጣልሃል። የበረራ ሰዓት ነጥብ ስለሚጨምር ብዙ አመልካች ራሱ ከፍሎ ይማራል።

እኔም ከፍዬ እየተማርኩ ነው፣ ጌዘርስበርግ፣ በትንሿ ሴስና አውሮፕላን። ብሩ ቀላል አይደለም፣ ትርፍ ሺፍት የምሠራው ለሱ ነው። ለግል አብራሪነት ፈቃድ ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት ይላል፣ አብዛኛው ሰው ግን ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። እዚህ አካባቢ መማር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሰማይ በልዩ ጥበቃ ሥር ነው። ሳትመዘገብና የራዳር ኮድ ሳትቀበል ከተነሳህ ተዋጊ ጄት ሊላክብህ ይችላል፤ አንድሩስ ላይ ኤፍ-16 ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር በሬዲዮ መነጋገር ከማረፍ በላይ ያስፈራኝ ነበር፤ በፍጥነት ይናገራሉ፣ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የቢሾፍቱ ቃና አለው። አሁን ለምጄዋለሁ፣ እነሱም ለምደውኛል መሰለኝ።

አስተማሪዬ በዕድሜ ከኔ በጣም ያንሳል። ምንም ቅር አይለኝም። ጎበዝ ነው፣ ትዕግሥተኛ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። የሞተሩን ኃይል ቀንሶ "አሁን ምን ታደርጋለህ?" ሲለኝ አልደናገጥም። አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት አምስት ማሽን በአንዴ ሲጮህ የትኛውን ቀድመህ እንደምታይ የምትማረው በዓመታት ነው፣ ያ ልምድ እዚህም ተከትሎኝ መጥቷል። ዕድሜ የሚቀንስብኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ የማጠናው እንደ 22 ዓመት ልጅ ቶሎ አይገባኝም። ይህኛው ግን የኔ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ወረቀቱ ነው። ከተመረጥኩ በኋላ ምስጢራዊ መረጃ ለማየት ለሚያስፈልገው ፈቃድ የሚሞላ ረጅም ቅጽ አለ፣ መረጃውን ከአሁኑ እያሰባሰብኩ ነው። ውጭ አገር ያለ የቅርብ ዘመድ ሁሉ ይጠየቃል። ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ይላል። አውቃለሁ፣ በየወሩ። እናቴ፣ ታናናሾቼ፣ አንዳንዴ ጎረቤት ሲታመም፣ ለቅሶ ሲሆን። ስንት፣ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ። የሐዋላ ደረሰኞቼን ዘርግቼ ስጽፍ ሕይወቴን በሙሉ መልሼ ያነበብኩ መሰለኝ። የሚደበቅ ነገር የለውም፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። ግን እናትን መጦር እንደ ጥያቄ ሲቀርብልህ ከባድ ነው። የልጅነት የሕክምና መዝገብም ይፈልጋሉ፤ የልጅነት ክትባቴን የሚያስታውሰው የእማዬ ጭንቅላት ብቻ ነው።

እማዬ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ "ልጄ፣ መሬት ላይ ያለው ሥራህ ምን ጎደለው?" አለችኝ። ምንም አልጎደለውም። በስልክ ይህን ማስረዳት አልቻልኩም። ቢሾፍቱ ስለሆነች አብራሪ ያልተመለሰበትን ቤት ታውቃለች፣ ለቅሶ ደርሳለች። መጨረሻ ላይ መረቀችኝ። ምርቃቷ ግን ከልመና አይለይም ነበር።

ባለቤቴ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሁሉም ሰው ብትወድቅስ ይለኛል። እሷ "ካለፍክስ?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ካለፍኩ፣ ክንፍ ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ የአሥር ዓመት የአገልግሎት ግዴታ አለ። ክንፉን 34 ወይም 35 ላይ ባገኝ 44 ወይም 45 ዓመቴ ድረስ ማለት ነው። 22 ዓመት ላይ ያለ ልጅ አሥር ዓመት ቢፈርም ከዚያ በኋላ ወጣት ነው። እኛ ደግሞ ልጅ እንፈልጋለን። ልጃችን አፍ ሲፈታ እኔ ኦክላሆማ ወይ ቴክሳስ ሥልጠና ላይ ልሆን እችላለሁ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙን የማልጠራው አገር ተልኬ ልሆን እችላለሁ። ትርፍ ጊዜ ነው ቢሉም ሲጠሩህ ትሄዳለህ።

ደግሞ የጦር አውሮፕላን ነው። ሥራዬ ሰው ማዳን ሆኖ ሳለ እንዴት ነው የማስበው? ዜግነት ስወስድ ሕግ ሲያዝ ለዚህች አገር መሣሪያ እንደማነሳ እጄን አንስቼ ምያለሁ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ዛሬ አገሬ የምገባው በቢጫ ካርድ ነው። መሐላውን እንዲሁ በአፌ ያልኩት አይደለም። የማመለክተው የጭነት አውሮፕላንና ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ወዳላቸው ክፍሎች ነው፤ ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ያሉት ሲ-17 የጭነት አውሮፕላኖች ከቤቴ ሩቅ አይደሉም። ነሐሴ 2021 ከካቡል አንድ ሲ-17 በአንድ በረራ 823 ሰው ጭኖ ወጣ። ወለሉ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡትን ሰዎች ፎቶ ያየሁት እረፍት ክፍል ውስጥ ነው፣ ልጅ ያቀፉ እናቶች ነበሩበት። እሱን ባብርር ብዬ ተመኘሁ። ያው አውሮፕላን ግን ቁስለኛም ይጭናል፣ ጥይትም ይጭናል፣ ምን እንደሚጫን የሚወስነው አብራሪው አይደለም። ይህን ለባለቤቴ ሳልሸፋፍን ነገርኳት። እሷም ቶሎ መልስ አልሰጠችኝም፣ ለጥቂት ሳምንታት አሰበችበት።

አንድ መልማይ "ነርስ ነህ፣ ለምን በነርስነት አትገባም?" ብሎኛል። እውነቱን ነው። ለነርስ የዕድሜ ገደቡ ሰፊ ነው፣ ከ40 በላይም ይቀበላሉ፣ በበረራ ላይ ቁስለኛ የሚያክሙ ነርሶችም አሏቸው። የተከበረ ሥራ ነው፣ ያ በር ደግሞ ቶሎ አይዘጋም። ለዚህ ነው አሁን የማልገባበት። የሚዘጋው በር የፊተኛው መቀመጫ ነው።

ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። 33 ሳይሞላኝ ሥልጠና መጀመር እስከቻልኩ ድረስ ቀርቤ በማውቃቸው ክፍሎች ሁሉ አመለክታለሁ፣ ትርፍ ሺፍቱም በረራውም ይቀጥላል። ከተመረጥኩ አሥሩን ዓመት አብረን እንፈርማለን ብላኛለች፣ ልጁን ግን ለዚህ ብለን አናዘገይም። ካልተመረጥኩ የነርሱን መንገድ ያኔ እናየዋለን፣ የግል ፈቃዴን ይዤ ደግሞ ሲቪል ኤር ፓትሮል እገባለሁ፤ የጠፋ አውሮፕላን የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለአዋቂ የዕድሜ ጣሪያ የላቸውም። "ተመልሰህ ና" ላለኝ ሰው ትናንት ጻፍኩለት። የሚቀጥለው ልምምዳቸው ላይ እንድገኝ ጋብዞኛል፣ ሺፍቴን ቀይሬያለሁ።