ጠዋት ፈተና ያለፈ ታንክ ከሰዓት ለምን ተሰነጠቀ?

በብረት ፍርግርግ የታቀፈ ባለ 1000 ሊትር የፕላስቲክ ታንክ (በሥራው ቋንቋ አይቢሲ) ጠዋት የአየር ግፊት ፈተናውን አለፈ። ከሰዓት በኋላ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለት የተጠናከረ በረኪና፣ ተሞላበት። ፎርክሊፍቱ መኪናው ላይ ሲያስቀምጠው ትንሽ ጠንከር አድርጎ አሳረፈው። ከቫልቩ አንገት የተነሳ ስንጥቅ እስከ ታችኛው ማዕዘን ሄደና ፈሳሹ ወለሉን አጥለቀለቀው። አጠገቡ የአሲድ ታንክ አለመኖሩ ትልቅ ዕድል ነው፤ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ተፈትኖ አልፏል እኮ!» አሉ ሠራተኞቹ። እውነታቸውን ነው፣ አልፏል። ነገር ግን የአየር ፈተና የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ አሁን ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ቢመታ ወይም ቢወድቅ ይችል እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚለካው የመውደቅ ፈተና ሲሆን የሚደረገውም ሞዴሉ ሲጸድቅ በናሙና ላይ ነው፤ ለማሸጊያ ምድብ ሁለት (መካከለኛ አደጋ ላላቸው ዕቃዎች) ፕላስቲኩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከ1.2 ሜትር ይጣላል። ከዚያ በኋላ ዓመታት ፀሐይና ኬሚካል የተፈራረቁበትን ታንክ ማንም ጥሎ አይሞክረውም። በዚህ ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ደንብ ለፕላስቲክ በርሜል፣ ለጀሪካንና ለፕላስቲክ አይቢሲ ከተመረቱበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ብቻ ይሰጣል። ናይትሪክ አሲድ ከ55 በመቶ በላይ ከሆነ ሁለት ዓመት ነው። በየሁለት ዓመት ተኩሉ የሚደረገው የፍሳሽ ፈተናና ምርመራ በዚህ ዕድሜ ላይ አንድ ቀን አይጨምርም።

የተሰነጠቀው ታንክ ይህ ዕድሜ አልፎበት ነበር። ታዲያ እንዴት ተሞላ? ሁለት የተለያየ የምርት ቀን ስለተጻፈበት ነው። ፍርግርጉ ላይ ያለው ሰሌዳ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው የምርት ቀን ያሳያል። የውስጥ ፕላስቲኩ ላይ በጉልህ የታተመው ግን 03 19 ይላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 2019። አሮጌው ፕላስቲክ አዲስ ፍርግርግ ውስጥ ገብቷል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ ያነበበው ሰሌዳውን ነው። የአምስት ዓመቱ ቆጠራ የሚነሳው ከፕላስቲኩ ቀን ነው። ጽሑፉ ከፍርግርጉ ዘንግ ጀርባ ሊደበቅ ስለሚችል የእጅ ባትሪ ይዞ ዞሮ መፈለግ ግድ ነው።

ሃይፖክሎራይት ፖሊኤትሊንን፣ ማለት ታንኩ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ከውስጥ በኩል ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ የፀሐይ ጨረር ደግሞ ከውጭ። የደረቀው ፕላስቲክ ግፊት አይፈራም፤ የሚፈራው ድንገተኛ ምት ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው ጉልበት በሚከማችበት ቦታ ነው፦ በቫልቩ አንገት ዙሪያ፣ በታችኞቹ ማዕዘኖች፣ ፍርግርጉ በሚፈትግባቸው መስመሮች። ለማየት ታንኩን ባዶ አድርጎ ማጠብ፣ ማናፈስ፣ ከዚያ ጨለም ያለ ቦታ ወስዶ መብራት ከውስጥ ማብራት ነው፤ መብራቱ በክዳኑ በኩል ይግባ እንጂ ሰው ጭንቅላቱን አያስገባ። እንደ ደረቀ የጭቃ መሬት የተሰነጣጠቀ ገጽ፣ ነጣ ያለ ክር፣ ሲዳስሱት እጅ ላይ የሚቀር ዱቄት ከታየ ወደ አየር ፈተናው መሄድ አያስፈልግም።

የአየር ፈተናውም ቢሆን በየቦታው በደንብ አይሠራም። የሚያስፈልገው ግፊት 20 ኪሎፓስካል (0.2 ባር) ነው፣ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፋቱ 1.2 ካሬ ሜትር በሆነ የታንክ ጣሪያ ላይ ወደ 2.4 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያህል ይገፋል። ከአየር መስመሩ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ አየሩን የሚለቅ) ሳይገጠም ኮምፕሬሰር ማገናኘት ክልክል መሆን አለበት፤ ክዳኑ ፊት ለፊት መቆምም እንዲሁ። እስከ 10 ባር የሚያነብ ጌጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ 0.2 ባር ላይ መርፌው መነሳቱ እንኳ በቅጡ አይታይም። እስከ 40 ኪሎፓስካል የሚያነብ ይፈለጋል።

አየሩ ሲገባ ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ ግፊቱ ሳያፈስ ይወርዳል። ስለዚህ እስኪረጋ ጠብቆ እንደገና 20 ላይ ማድረስና ከዚያ መቁጠር ነው። ሙቀቱም ያታልላል፤ የአንድ ዲግሪ ለውጥ ወደ 0.4 ኪሎፓስካል ያንቀሳቅሳል፣ ፀሐይ ላይ የተፈተነ ታንክ ደመና ሲመጣ «ያፈሳል»። ጥላ ውስጥ ይሁን። የሃይፖክሎራይት ታንክ ክዳን ብዙ ጊዜ ጋዝ ማስተንፈሻ ስላለው ለፈተናው በድፍን ክዳን ይቀየራል፣ ሲያልቅ ግን ማስተንፈሻው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ በረኪናው የሚያመነጨው ኦክስጅን ታንኩን ያሳብጠዋል። የሳሙና አረፋ ሲቀባ ደግሞ የቫልቩ የውጭ ቆብ መውለቅ አለበት። ቆቡ ተዘግቶ ከተፈተነ ያለፈው ቆቡ ነው፣ ቫልቩ አይደለም።

ዕድሜው ያለቀውን ፕላስቲክ «ለውኃ ይሆናል» ብሎ ጓሮ ማስቀመጥ አሮጌው ወደ አዲስ ፍርግርግ የሚገባበት መንገድ ነው። ታጥቦ ይቆረጥ፤ ቀኑ የታተመበት ክፍል ለብቻው ተቆርጦ ይውጣ፣ የታንኩ ቁጥርም ከመዝገብ ይሰረዝ።