ቡናው ምን ምን ይላል?

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታልፏት ናት። ሚኒባሱ ለቡና ካልቆመ አታስተውሏትም። እኔ እዚያ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ «አይደለሁም» እል ነበር፤ በኋላ ደከመኝና ተውኩት።

ጊዜው የ2008 ክረምት ነው። አተት አዲስ አበባ ሳይቀር የገባበት። እኛ ጋ ገና ታማሚ አልተገኘም፤ ትእዛዝ ግን ከዝናቡ እኩል ይወርድ ነበር። አንዱ ትእዛዝ ስለ ስሙ ነው። «ኮሌራ» አይባልም፣ «አተት» ይባላል፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ስብሰባ ላይ አንዱ ልጅ አምልጦት «ኮሌራ» ሲል ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ። ሁላችንም ቃሉ አልፎ እስኪሄድ ጠበቅን።

ሌላው ትእዛዝ የከተማውን ውሃ በክሎሪን ማከም ነው። ከኮረብታው ላይ 50 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አለን፤ ከዚያ ወደ ቦኖዎቹ ይወርዳል። ኃላፊያችን ከአንድ ስልጠና በፍላሽ ይዞት የመጣ ሠንጠረዥ ነበረው። ይህን ያህል ውሃ፣ ይህን ያህል ዱቄት ይላል። ለእኛ ማጠራቀሚያ 333 ግራም። አተምነው፣ በፕላስቲክ አስለበጥነው፣ ፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ፎቶም ተነሳን።

ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሚዛን የለውም። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አለው። እሱን ሞልቶ ይጨምራል፤ ከዚያ ትንሽ ለምርቃት። እንደ ጤፍ ነጋዴ ማለት ነው።

ውሃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን የምንለካባት መሣሪያም አለችን። ውሃ ትቀዳላችሁ፣ የዲፒዲ ታብሌት ትጨምራላችሁ፣ ሮዝ ቀለም ካመጣ ክሎሪን አለ። ታብሌቷ ግን አልቃለች። «ይመጣል» ከተባለ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ስለዚህ የምናምነው ሠንጠረዡን ብቻ ነበር።

በጀመርን በአራተኛው ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሳልፍ ቡና የሚያፈሉት እናት ጠሩኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ቄጠማ፣ ረከቦት። የወልድያ መስመር ሾፌሮች እሳቸው ጋ ሳይጠጡ አያልፉም። በዚያ ቀን ሾፌሮቹ ነበሩ፤ ስኒዎቹ ግን እንደሞሉ ተቀምጠዋል።

«ዶክተር፣ ና እስቲ። አፈር ስሆን ይቺን ቅመስ።»

ቀመስኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቡና አልነበረም። የክሊኒክ ወለል የተወለወለበት ጨርቅ ነው። ፊቴን ግን አልቀየርኩም። ሙያ ነውና።

«ምን ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም አይልም።»

«ምንም?»

«ትንሽ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። እሱ የጤና ሽታ ነው እናቴ። የሸተተ ውሃ የታከመ ውሃ ነው።»

ይህችን አባባል ከስልጠና ነው የሸመደድኳት። ስልጠናው ላይ ስትባል ታምር ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሾፌሮቹ ዞሩ።

«ሰማችሁ? ጤና ይሸታል።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያለቦታዬ።

«የኮሌራው ነው ይሄ?»

«አተት ነው እናቴ።»

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

«ተቅማጥና ትውከት።»

«ታዲያ ኮሌራ ነዋ። ስም አወጣችሁለት?»

ይሄን እንኳ ችዬ ባለፍኩት። ያልቻልኩት የሚቀጥለውን ነው። ማራገቢያቸውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሊያዋርዱኝ አልፈለጉም፤ የእውነት ሊያውቁ ነበር የጠየቁት። እሱ ነው የባሰው።

«ልጄ፣ የበሽታው ተባይ በምን ይሞታል?»

«በክሎሪን። ወይ ውሃውን በማፍላት።»

«በማፍላት?»

«አዎ፣ በደንብ ከተንተከተከ ይሞታል።»

ምንም አላሉኝም። በጣታቸው ወደ ጀበናው ብቻ አሳዩኝ። ጀበናው ከሰሉ ላይ ይንተከተካል። በአንገቱ አረፋ ይወጣል። ሾፌሮቹም ጀበናውን አዩ። እኔም አየሁት። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ጀበና አይቼ አላውቅም።

አራት ዓመት ተምሬአለሁ። ስለ ውሃ ብቻ ሁለት ኮርስ ወስጃለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ይሄ ነው፦ «መመሪያው ለሁሉም ውሃ ነው የሚለው።» እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ስነሳ ሂሳብ ልከፍል እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«ተወው» አሉኝ፤ «ጤና አይሸጥም።»

መልሱ የመጣልኝ ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ ነቃሁ፤ ስኒው! ቡናውማ ይፈላል። ስኒው ግን በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው። አንዱ ሾፌር የጠጣበትን ስኒ ሳህን ውስጥ ያለቀልቁና ለሚቀጥለው ይቀዱበታል። ያ ውሃ አልፈላም። ክሎሪኑ ለእሱ ነው! አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ንግግሩን በሙሉ አዘጋጀሁ። ሾፌሮቹ ሲያፍሩ ሁሉ ታየኝ።

ጠዋት ግን ቀጥታ ወደ እሳቸው አልሄድኩም። ሚስቴ ሌላ ወሬ ነገረችኝ። ሰራተኛችን ለቡና የሚሆን ውሃ የምታመጣው ከታች ከምንጩ ነው። «ሰፈሩ በሙሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው፣ አልሰማህም?» አለችኝ። በገዛ ቤቴ የምጠጣው ቡና ለካ የምንጭ ውሃ ኖሯል። ጥሩ ነው ስል የከረምኩት እሱን ነው።

ምንጩ ከከተማው በታች ነው። ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ዝናብ ሲጥል ከላይ ያለው ሰፈር ሽንት ቤቱም ቆሻሻውም ወደዚያ ነው የሚወርደው። ቦኖ ከገባ ወዲህ ሰው ትቶት ነበር። በዚያ ጠዋት ስወርድ ቢጫው ጀሪካን እስከ መንገዱ ተሰልፏል። እኛ ሰውን ከአተት እናድን ብለን ክሎሪን ጨምረን፣ ከቦኖ አባረን፣ አተት ሊገኝበት ወደሚችል ብቸኛ ቦታ ነድተነዋል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መጋዘን ሄድኩ። የዱቄቱን በርሜል አዙሬ አየሁት። ከዱቄቱ ክሎሪኑ 70 ፐርሰንት ነው ይላል። ወደ ፓምፕ ቤት ወጣሁ። ያ በፕላስቲክ የተለበጠው ሠንጠረዥ አናቱ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ለ30 ፐርሰንት» ይላል። ሁላችንም ከሥሩ ቆመን ፎቶ ስንነሳ አንዳችንም አላነበብነውም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሊትር 2 ሚሊ ግራም እንፈልጋለን። ለ50 ሺህ ሊትር 100 ግራም ንጹህ ክሎሪን ማለት ነው። ዱቄቱ የ30 ከሆነ 333 ግራም ይገባል። የ70 ከሆነ 143 ይበቃል። እኛ 333 የ70 ነው የጨመርነው፤ ከእጥፍ በላይ። የሰውዬው ምርቃት ሳይቆጠር። የቡናዋ እናት ምላስ ታብሌት ሆኖ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። ሠንጠረዡ የእሱ መሆኑን አልጠቀስኩም። እሱ ራሱ ግን አስታወሰና ትንሽ ዝም አለ።

«ከሚያንስ ቢበዛ ይሻላል» አለኝ።

«ሰው ወደ ምንጭ ወርዷል።»

«እሱ የግንዛቤ ችግር ነው። ሪፖርቱ ደግሞ ሄዷል።»

በሪፖርቱ የከተማው ውሃ ሽፋን መቶ በመቶ ታክሟል። የቀረው ማኅበረሰቡን ማስገንዘብ ነው። ስለዚህ መድረክ ተዘጋጀ። የማኅበረሰቡ የክሎሪን ሽታ ግንዛቤ አነስተኛ ስለሆነ ይላል የስብሰባው ዓላማ። እኔ ነኝ በእጄ የጻፍኩት።

ቆሎና ለስላሳ ቀረበ። ወሎ ነውና ሼሁም ቄሱም የፊት ወንበር ላይ ናቸው። እኔ ስለ ጀርም ሳወራ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ውሃ ሽታው፣ ጣዕሙና ቀለሙ ከተለወጠ ለውዱእ ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁ። ይህ በስላይዶቼ ላይ አልነበረም። ሼሁ አዳኑኝ። «መድኃኒት እንጂ ነጃሳ አይደለም፣ አብሽሩ፣ ውዱእ አድርጉበት» አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ቡናውን ግን እኔም ትቼዋለሁ።» ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «የሃይማኖት አባቶች ድጋፋቸውን ገልጸዋል» ተብሎ ሰፈረ።

በዚያው ማታ ፓምፕ ቤት ወጥቼ ሠንጠረዡን በማርከር አረምኩት። 333ን ሰርዤ 143 ጻፍኩ። ለሰውዬው ከአንድ ሱቅ ሚዛን ተውሼ አዲስ ልክ አወጣንለት፤ ቆርቆሮው ላይ በምስማር ጫርንበት። ስለ ምርቃቱም ለመንኩት። «ለውሃ እንዴት ይሰሰታል?» አለኝ። ካወጣናት መስመር ላለማለፍ በሼሁም በቄሱም ፊት ቃል አስገባሁት፤ እሱ ማንኛቸውን እንደሚፈራ አላውቅም ነበር። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት «በሠንጠረዡ ላይ ወቅታዊ ማሻሻያ ተደርጓል» የምትል አለች። ማን እንዳሻሻለ አትልም። ማን እንዳበላሸም አትልም።

ታብሌቱ በመጨረሻ መጣ። ከቦኖዎቹ ቀድቼ ለካሁ። በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ላይ ሮዝ ሆነ፤ ከምንፈልገው ሳያልፍ፣ ሳያንስ። ሽታው አለ ከተባለም ለፈለገው አፍንጫ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የሚመደቡ ልጆችን የሰውን ምላስ ስሙ እላቸዋለሁ። እንዲህ ስል ግን ሆዴ ያውቀዋል። የምንጩን ውሃ «ጥሩ ነው» ያለውም ያው ምላስ ነው። የኔ ምላስ ጭምር። ኮሌራ ያለበት ውሃ ጥርት ብሎ፣ ሳይሸት፣ ሳይመር ይጠጣል። ልጆቹ ግን ማስታወሻቸው ላይ ይጽፉታል፤ እኔም አላርማቸውም።

ወደ ቡናዋ እናት የሄድኩት ታብሌቱ በመጣ ማግስት ነው። ኪሴ ውስጥ አንድ ፍሬ ይዣለሁ። የሌሊቱ ንግግሬም አብሮኝ አለ። ሾፌሮቹ እስኪሞሉ ሆን ብዬ ጠበቅሁ። አቦሉ ተቀዳ። ቀመስኩ፤ ቡና ነው፣ ያ የጥንቱ ቡና።

«እናቴ፣ ያን ዕለት የጠየቁኝን አስታወሱት? ስለ ማፍላቱ?»

«እንዴት ይረሳል?»

«ጀበናው እውነት ይፈላል። ስኒውስ? ስኒው የሚታጠብበት ውሃ ይፈላል?»

አልኩና ወደ ኋላ ደገፍ አልኩ። ሦስት ሳምንት የጠበቅኳት ደቂቃ ናት። ሾፌሮቹም ወደ እሳቸው አዩ።

እሳቸው ስኒ እያለቀለቁ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«ለስኒማ የቦኖውን ነው የማደርገው» አሉ፤ «ያን የሚሸተውን። ለስኒ እሱ ደግ ነው፣ ዝንብም አያርፍበት። ለጀበናው ነው የምንጩን የማስመጣው።»

ከአግዳሚው ሥር ሁለት ጀሪካን አለ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ። የትኛው የየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ታብሌቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ በጣቴ ነካ ነካ አደረግኳት። አንዱ ሾፌር ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«ቶናውን ልቅዳልህ፣ ዶክተር?» አሉኝ።

«ይቅዱልኝ» አልኩ።