ነፋሱ ከጀርባዬ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያዬን አጋዘን በቀስት ጣልኩ። ይህ አራተኛው መጸዌ ነው። የምጽፈውም ትንሽ ልኩራ ብዬ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ሦስቱን ዓመት ምን ስሠራ እንደከረምኩ ስነግራችሁ ኩራቱ ወደ ሳቅ ይቀየራል።

አጋዘን ስል የሰሜን አሜሪካውን ባለ ነጭ ጭራ ማለቴ ነው። ሲደነግጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ እንደ ባንዲራ የሚያውለበልበውን። ያንን ባንዲራ ከኔ በላይ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያየሁት እሱን ብቻ ነዋ።

የመጀመሪያውን ዓመት በአጭሩ ልለፈው። የአዳኞችን ኮርስ ወሰድኩ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ ኮምፓውንድ (ባለ መዘውር) ቀስት ገዛሁ። የሙቀቱን ወራት ኢላማ ስመታ ከረምኩ። ከ20 ሜትር ላይ ሦስት ፍላጻ አንድ ሳህን ላይ ማሳረፍ ስጀምር በቃ አዳኝ ሆንኩ አልኩ። ጫካ ስገባ ግን አጠገቤ ድረስ የመጣልኝ ሽኮኮ ብቻ ነው። ደረቅ ቅጠል ላይ የሚሮጥ አንድ ሽኮኮ የሚያሰማው ድምፅ የአንድ ሻለቃ ጦር ያህል ነው። በየደቂቃው ልቤ ትዘላለች። አሁን ልዩነቱን ለይቻለሁ። ሽኮኮ ይንኮሻኮሻል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። አጋዘን ግን ይራመዳል። ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። የሚፈራ ሰው ጨለማ ቤት ውስጥ ሲራመድ ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ምልክት ማንበብ ለመድኩ። ወንዱ ቀንዱን እያሸ ልጡን የላጠው ዛፍ፣ በኮቴው የጫረው መሬት፣ ከጫረው ቦታ በላይ የተንጠለጠለው የታኘከ ቅርንጫፍ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። "ዘንድሮ ስላልቀዘቀዘ የስሪያው ወቅት ዘገየ" የሚል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ስሪያውን የሚቀሰቅሰው የቀኑ ማጠር እንጂ ብርዱ አይደለም። በሰሜኑ በኩል ዋናው ግርግር በየዓመቱ ኖቬምበር አጋማሽ አካባቢ ነው የሚውለው። ሙቀት ሲሆን ቀን ቀን ብዙ አይንቀሳቀሱም፣ ስለዚህ አናያቸውም። በቃ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ነፋስ።

ነፋስ እንደሚያስፈልግ በኮርሱም ተነግሮኛል። "ነፋሱ ከአጋዘኑ ወደ አንተ ይምጣ" ይላሉ። ቀላል ነው ብዬ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ። ስልኬ ላይ የአየር ትንበያ አያለሁ፣ ከሰሜን ምዕራብ ይላል፣ ዛፍ ላይ ያሰርኳት ማማዬ ከሚጠበቀው መንገድ ደቡብ ምሥራቅ ናት፣ እወጣለሁ። ከዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት እንስት ብቅ ትላለች። 40 ሜትር ላይ ትቆማለች። አንገቷን ታሰግጋለች። የፊት እግሯን አንስታ መሬቱን አንዴ ትመታለች። "ፉህ!" ብላ በአፍንጫዋ ትነፋለች። ባንዲራው ይነሳል። እሷ ብቻ አይደለችም የምትሄደው። ያንን "ፉህ" የሰማ ሁሉ አብሮ ይሰወራል። ያ ምሽት አለቀ ማለት ነው።

ይህ አንድ ቀን አይደለም የገጠመኝ። በሁለት መጸው ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ማስታወሻ ደብተር ስለምይዝ ነው የማውቀው፤ ባልያዝኩ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ምን አደረግሁ? ገንዘብ አወጣሁ። ሽታ ያጠፋል የተባለ ርጭት ገዛሁ። ሽታ የሌለው ሳሙና ገዛሁ። ውስጡ ከሰል ያለበት ልብስ ገዛሁ። ልብሴን ከደረቅ ቅጠል ጋር ሳጥን ውስጥ ዘግቼ አስቀመጥኩ። ከጫማዬ እስከ ኮፍያዬ ስረጭ ቆይቼ ማማዬ ላይ ወጣሁ። እንስቷ መጣች፣ ቆመች፣ "ፉህ" አለች። ሰው ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። እየኖሩ ሽታን ማጥፋት አይቻልም። ንጹሕ መሆን ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፤ ግን እኔ ሳሙና ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ ነፋሱን ለማወቅ አውዬው ቢሆን ሁለት ዓመት አተርፍ ነበር።

መላ ያገኘሁት ከትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ውስጧ ሽታ የሌለው ደቃቅ ነጭ ዱቄት አለ። ስትጫኗት እንደ ጭስ ብን ትላለች። ርካሽ ናት። የመጀመሪያ ቀን ማማዬ ላይ ሆኜ ስጫናት ዱቄቱ ትንበያው ወዳለው አቅጣጫ ሄደ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሦስት ሜትር እንኳ ሳይርቅ ዱቄቱ ከዓይኔ ጠፋ። ጠረኔ ግን አልጠፋም፣ ጉዞውን ይቀጥላል። ወዴት? ዱቄቱ አይነግረኝም።

ሁለተኛው መሣሪያዬ ከጫካው ዳር በነጻ የሚለቀም ነው። ግንዷ ሲሰበር ነጭ ወተት የምታወጣ ተክል አለች። በመጸው ፍሬዋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ እንደ ሐር ለስላሳ ጸጉር ያላቸው ዘሮች አሉ። አንዱን ከማማው ላይ ስትለቁት አይወድቅም፣ ይንሳፈፋል። እንደ ዱቄቱ አይበንም። ጥሩ ብርሃን ካለ ሃምሳ ስልሳ ሜትር በዓይን መከተል ይቻላል። ከዚህ መሣሪያ ሌላ ምንም አልመክርም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያዋን ዘር ስለቅ ያየሁት ነገር ነው ዓይኔን የገለጠው። ዘሯ ትንበያው እንዳለው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄደች። ሃያ ሜትር ያህል። ከዚያ ዝቅ ማለት ጀመረች። ቁልቁል ወደ ሸለቆው ወረደች፣ ጅረቱ ጋ ስትደርስ ዞረች፣ ጅረቱን ተከትላ ልክ አጋዘኖቹ ወደሚመጡበት ቦታ ሄደች። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ "እዚህ ነኝ" የሚል መልእክት ስልክላቸው ኖሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ አየሩ ይከብድና እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ። ዋናው ነፋስ ጠንካራ ከሆነ ይህን ይሸፍነዋል። ነፋሱ ደከም ሲል ግን ተዳፋቱ ነው አለቃው። የሚገርመው ደግሞ ማታ ነፋሱ የሚረግበው ልክ አጋዘኖቹ መንቀሳቀስ በሚጀምሩበት ሰዓት ነው። ትንበያው ይህን አይነግራችሁም። እሱ የሚናገረው ስለ ሰፊው አካባቢ ነው፤ ስለ እናንተ ዛፍ አይደለም።

ስለዚህ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ቀስት ሳልይዝ ጫካ መሄድ ጀመርኩ። ዘር በኪሴ፣ ደብተር በእጄ። በየሃምሳ ሜትሩ አንድ ዘር እለቃለሁ፣ የሄደችበትን እጽፋለሁ። ጠዋት አንዴ፣ ቀትር አንዴ፣ ማታ አንዴ። ጓደኞቼ አበደ አሉኝ። ከዚያ ማማዬን ከሸለቆው አውጥቼ ወደ ተዳፋቱ ወገብ ወሰድኳት፣ የጠዋት ማማም አደረግኋት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ገባኝ። ነፋሱ ለኔ ፍጹም ሲሆን ለአጋዘኑ መጥፎ ነው። እሱም የፊቱን ማሽተት ይፈልጋል። ስለዚህ አሁን የምመርጠው በጎን የሚሻገር ነፋስ ነው። ጠረኔ ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ያልፋል፣ እሱ ደግሞ ደህና ነኝ ብሎ ይመጣል። አደጋ አለው። አሥር ሜትር ከተዛነፈ "ፉህ" ነው።

ስለ ልብስም ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። አጋዘን እንደኛ ቀይ አያይም። ብርቱካናማው የአዳኝ ሰደርያ ለሱ ደብዛዛ ነው። ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል። ጂንስ ለብሶ ጫካ የሚገባ ሰው ከብርቱካናማው የበለጠ ይታያል ማለት ነው። ልብስ የሚያነጡ ሳሙናዎችም ለዓይኑ ያብረቀርቃሉ ይባላል፣ እኔም ትቻቸዋለሁ። ከዚህ በተረፈ ቅጠላ ቅጠል የተሳለበት ውድ ልብስ ስትገዙ ቆም በሉ። የሚያጋልጠን እጃችን ነው። ስልክ የሚያወጣ እጅ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። በሁለተኛው ዓመት ኖቬምበር አንድ ወንድ መትቻለሁ። ከላይ የመጀመሪያዬን ጣልኩ ያልኩት ይህን ሳልቆጥር ነው፣ ስላላገኘሁት። 35 ሜትር ላይ ነበር፣ ለኔ ሩቅ ነው። እየተራመደም ነበር። መልቀቅ አልነበረብኝም። ፍላጻዬን ሳነሳ አረንጓዴ ነገር ነበረበት፣ ይሸታል። ሆዱን ነው የመታሁት። እንዲህ ሲሆን ስምንት አሥር ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት ኮርሱ ላይ ጽፌዋለሁ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ግን ሊመሽ ነው ብዬ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተከተልኩት። ከተኛበት አስነሳሁት። ሄደ። በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ፈለግሁ። የመጨረሻዋ የደም ጠብታ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ነበረች። ቦታውን አሁንም አውቀዋለሁ፣ በዚያ በኩል ሳልፍ ግን ሌላ መንገድ እይዛለሁ።

ከዚያ በኋላ ከ25 ሜትር በላይ አልለቅም። የቆመ ካልሆነ አልለቅም። ጎኑን ካልሰጠኝ አልለቅም። ጥሩ ተኳሽ የሆናችሁ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፣ ሳቁ።

ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ከዛፉ ጋር የሚያስረኝን የደህንነት ቀበቶዬን ከመሬት ጀምሬ ነው የማስረው፣ ምክንያቱም አምና ስወጣ መወጣጫው ከድቶኝ ተንጠልጥያለሁ፤ ቀበቶው ባይኖር ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ውርጭ ነበር። ዘር ለቀቅሁ። በጎን ተሻገረች፣ ትንሽ ሽቅብ አለች። ጥሩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያ እርምጃ ተሰማ። ሁለት፣ ዝምታ፣ አንድ። ቀንዱ ገና አራት ጫፍ ያለው ወጣት ወንድ ነው። አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ የእንስት ዱካ ይዟል። ጠረኔ ካለበት መስመር ስምንት ሜትር ያህል ቀርቶት ቆመ። 18 ሜትር። ከትከሻው ኋላ አነጣጠርኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እንዴት እንደለቀቅሁ አላስታውስም።

ፍላጻው ላይ ያለው ደም ደማቅና አረፋ ያለው ነበር። ሳንባ ነው። ግን ተቀመጥኩ። ሰዓቴን እያየሁ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ከመታሁት ቦታ ሰባ እርምጃ ያህል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ሆዱን ማውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ልምድ ያለው ሰው በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል ይባላል። ስለሱ እኔን አትጠይቁኝ።

የሸለቆዋ ነገር ግን እስከ አሁን አልተፈታም። ማታ ማታ ምርጥ ዱካ ያለው እዚያ ነው። ማማውን አንስቼዋለሁ እንጂ ልቤ አልተነሳም። ሰኞ ዕለት ሄጄ በመሬት ላይ፣ ከጅረቱ ማዶ፣ አንድ ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። አየሩ ጅረቱን ተከትሎ ከኔ ይርቃል ብዬ ነበር። ዘሯ ለአርባ ደቂቃ ጥሩ ሄደች። ሊጨልም ሲል አንዷን ለቀቅሁ። ፊቴ ላይ ቆመች። አልሄደችም፣ አልመጣችም። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና በግራ ጆሮዬ አልፋ ወደ ኋላ ሄደች።

ከኋላዬ "ፉህ" አለ።

ሸለቆ ውስጥ ማታ የምትቀመጡ ካላችሁ፣ ነፋሱ በሚረግብባት በዚያች አሥር ደቂቃ ምን እንደምታደርጉ ጻፉልኝ። "እዚያ አትቀመጥ" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ።