31 አውሮፕላን ነበረኝ፤ አንዱንም አላውቀውም ነበር

ይህን የምጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ሲሙሌተር ለጫነ ወይም ሊጭን ላሰበ ሰው ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ባከነብኝ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

አጀማመሬ እንደ ብዙው ሰው ነው። ኤክስ-ፕሌን 11 ጫንኩ፤ የመረጥኩት ኢንተርኔት ሲጠፋም ስለሚሠራ ነው። ያገለገለ ጆይስቲክ ገዛሁ። አንድ ወር ትንሿን ሴስና 172 አበረርኩ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን መሰብሰብ ጀመርኩ። በነጻ የተገኘውን ሁሉ አወርዳለሁ። የሚከፈልበትን ዳላስ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትገዛልኛለች። ሰኞ 737፣ ረቡዕ ኪው400፣ ቅዳሜ ኤርባስ ኤ320። ፎልደሩ ውስጥ 31 ደረሱ። የምንማማርበት ግሩፕ ላይም ምክሩ ያው ነበር፤ «ሁሉንም ሞክር፣ የተመቸህን ትይዛለህ።» እኔን የጎዳኝ ይህ ምክር ነው።

ግቢያችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አብራሪ አሉ። አንድ ቀን ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና፣ «ስንት ዓይነት ታበራለህ?» አሉኝ።

«31 ጋሼ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አራት ዓይነት ነው ያበረርኩት። ያውም አንዱን ስተው ነው ሌላውን የምጀምረው።»

ያኔ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው።

ኦንላይን ነበርኩ። እዚያ የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ እንደኛው ቤታቸው የተቀመጡ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። በድምፅ ያዙሃል፣ በድምፅ ትመልሳለህ። ከናይሮቢ ወደ ቦሌ በኤ320 እየመጣሁ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ በሰላም በረርኩ። ለ25 ግራ ማኮብኮቢያ ተሰለፍኩ። ጎማው ወርዷል፣ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው) ፉል ነው፣ ኦቶፓይለቱ (አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራው) ይዞልኛል። ከመሬት 600 ጫማ ላይ ስደርስ ተቆጣጣሪው «ጎ አራውንድ» አለኝ። ከፊቴ ያረፈው አውሮፕላን ገና ከማኮብኮቢያው አልወጣም።

ጎ አራውንድ ማረፉን ትተህ፣ ኃይል ሰጥተህ፣ ተነስተህ እንደገና ዙር ማለት ነው። እውነተኛ አብራሪ ሁሉ ይለማመደዋል። እኔ ግን በኤ320 አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም።

ያን ሳምንት ሦስት ቀን ያሳለፍኩት 737 ላይ ነው። 737 ላይ ለጎ አራውንድ ትሮትሉ (የሞተሩን ኃይል የሚሰጠው እጀታ) ላይ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለህ። እኔ ለእሷ የጆይስቲኩን አራተኛ ቁልፍ መድቤላት ነበር። እጄ ሳላዘው ሄዶ እሷን ተጫነ። ምንም የለም። ኤ320 ላይ ትሮትሉን እስከ ጥጉ፣ ቶጋ እስከሚባለው ቦታ፣ መግፋት አለብህ። አውሮፕላኑ ማረፉን ትቶ ወደ ላይ የሚመራህ ትሮትሉ እዚያ ሲደርስ ብቻ ነው።

ይህን እስካስታውስ ሦስት አራት ሰከንድ ሄደ። ገፋሁት። ግን በትሮትል ምትክ የምገፋው የጆይስቲኬ ስላይደር አርጅቷል፤ ጥጉ ላይ ደርሶም መቶ በመቶ አይሞላም። ሌሎቹ አውሮፕላኖች ላይ ይህ ጉዳት አልነበረውም። ኤ320 ላይ ግን ከቶጋ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ኤምሲቲ ላይ ቀረ። ስክሪኑ አናት ላይ «ማን ኤምሲቲ» ይላል። አሁን ድረስ ዓይኔ ላይ አለ። ያኔ ግን አላነበብኩትም።

ሞተሩ ጮኸ። ኦቶፓይለቱ ግን ማረፉን አልተወም። ወደ ማኮብኮቢያው የሚያወርደውን መስመር እንደያዘ፣ በዚያ ሁሉ ኃይል ቁልቁል ሄደ። ፍጥነቱ 150፣ 165፣ 180 ኖት። በፍላፕ ፉል ከ177 ኖት ማለፍ ክልክል ነው፤ ማስጠንቀቂያው ያለማቋረጥ ይጮሃል። ኦቶፓይለቱን አላቅቄ ጆይስቲኩን ሳብኩ። ፍላፑን ሁለቴ ተጫንኩ፤ 737 ላይ ከ30 ወደ 15 የሚመለሰው በሁለት ነው። ኤ320 የሚፈልገው አንድ ብቻ ነበር። ጎማውን ጭራሽ ረሳሁት። ተቆጣጣሪው ወደ ግራ ታጠፍ ብሎኛል። እኔ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። በ25 ስትነሳ በስተቀኝህ ያለው እንጦጦ ነው። ቦሌ ራሱ 7,600 ጫማ ላይ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ10,000 ያልፋል። «ፑል አፕ፣ ፑል አፕ» (ወደ ላይ ሳብ) የሚለው ድምፅ ሁለቴ ተሰማኝ። ከዚያ ስክሪኑ ቆመ።

ተቆጣጣሪው ሁሉም በሚሰማው ሞገድ ላይ «የማታውቀውን አውሮፕላን ይዘህ አትምጣ» አለኝ። ዛሬም ያናድደኛል። ሁለታችንን አጠጋግቶ ያመጣን እሱ ነው። በግልም ሊነግረኝ ይችል ነበር። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የተናገረው እውነት መሆኑ ነው።

በማግስቱ 29ኙን አጠፋሁ። ኤ320ን ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ወሰድኩት። 737-800ን ብቻ አስቀረሁ፤ ዚቦ የሚባለውን። ኤ320ን ይበልጣል ብዬ አይደለም። ነጻ ነው፣ ሲስተሙ በጥልቀት ተሠርቷል፣ የኛ አየር መንገድም ስለሚያበረው የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም። ይኸው 14 ወር ሆነኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጎ አራውንድ ብቻ ሠራሁ። ቼክሊስቱን በእጄ በአማርኛ ጻፍኩት። ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አንድ ማታ ጅቡቲ አረፍኩ፣ በማግስቱ ቦሌ። አውሮፕላኑ ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ነፋስ የለም። ሁለቱም ላይ የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት ይላል። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ስለሆነ ከመሬቱ አንጻር ያለኝ ፍጥነት ከ145 አይዘልም፤ የምወርደውም በደቂቃ 750 ጫማ ገደማ ነው። ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ነው። መለኪያው 140 እያለም ከመሬቱ አንጻር ከ160 አልፌ እሮጣለሁ፤ መስመሩን ለመያዝም በደቂቃ ወደ 850 ጫማ መውረድ አለብኝ። ድሮ ቦሌ ላይ ረዝሜ ሳርፍ «ይሄ አውሮፕላን አስቸጋሪ ነው» እያልኩ ሌላ አወርድ ነበር። አውሮፕላን ስትቀያይር ችግሩ የእሱ ይሁን የቦታው ይሁን የእጅህ መለየት አትችልም። አውሮፕላኑ አንድ ሲሆን ግን ቦሌ ራሱ ይታይሃል።

ስለዚህ ምክሬን በግልጽ ልናገር። መመሪያዎቹ በሴስና ጀምር ይላሉ። ግብህ የመንገደኛ አውሮፕላን ከሆነ አሥር ሰዓት ይበቃሃል። ቦሌ ላይ ከሆንክ ቀዩን የነዳጅ ቅይጥ ማስተካከያ ሳብ ማድረግን ልመድ፤ ሙሉ በሙሉ ከተገፋ በዚህ ከፍታ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ከዚያ አንድ አውሮፕላን ያዝ። የመጀመሪያውን ወር ኦቶፓይለት አትንካ። ጆይስቲክህን ለእሱ ብቻ አስተካክል፤ ትሮትሉን ጥጉ ድረስ ገፍተህ ስክሪኑ ምን እንደሚል መሬት ላይ ሆነህ እይ። ይህን ሁለት ደቂቃ ሰጥቼው ቢሆን ያ ቅዳሜ አይመጣም ነበር። ላሊበላን ከላይ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ደስ ባለው ይብረር።

ኤ320 አሁንም ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው። የምከፍተው 737ን በአንድ ሞተር አሥር ጊዜ ጎ አራውንድ አድርጌ አሥሩም ሲሳካልኝ ነው። የግራ ሞተሩን ሳጠፋ አፍንጫው ወደ ግራ ይሸሻል፤ በቀኝ ፔዳል ቶሎ መያዝ አለብኝ። እስከ ትናንት ማታ ሰባት ላይ ነኝ።