ኢንሱሊኑ የት ደረሰ?

ዛሬ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያለው ፋርማሲያችን ውስጥ ኢንሱሊን እየጠበቅን ነበር። ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር መንገዱ ተዘጋግቷል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይመጣል ወይስ ልሂድ?» አሉኝ። ድሮ «ትንሽ ይጠብቁ እማማ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ስልኬን ከፍቼ ኢንሱሊኑን የሚያመጣው ሞተር ሳይክል ስታዲየም ጋ መድረሱን ካርታ ላይ አሳየኋቸው። ተረጋግተው ተቀመጡ።

ካርታው ደስ ይላል። ለእኔ ግን ከእሱ የሚበልጠው ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ ናት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በረዶ ከሠራ ይበላሻል፤ ሙቀት ሲበዛበት አቅሙን ያጣል። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ በዓይን አይለይም። ብልቃጡ ያው ነው፣ መልኩም ያው ነው። ስለዚህ ዕቃ ስረከብ መጀመሪያ የማየው መንገድ ላይ ሙቀቱ ስንት እንደነበር ነው። ይሄን ሳላይ አልፈርምም።

ባርኮዱን ስካን ስናደርግ ደግሞ ሲስተሙ ጊዜው ቀድሞ የሚያልቀውን ቀድመን እንድናወጣ ይነግረናል። ብዙውን መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የምናስገባ አገር ነን። መደርደሪያ ጥግ ተረስቶ ጊዜው ሲያልፍበት ያንገበግባል።

አሁንም የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱ አንዱ ፋርማሲ ተትረፍርፎ ሌላው ጋ ይጠፋል። ታካሚው ማዘዣውን ይዞ ከፒያሳ ሜክሲኮ ይንከራተታል። የፋርማሲዎች ክምችት በአንድ ሲስተም ቢታይ ይሄ ሁሉ እንግልት ይቀንስ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ የእኛን መረጃ ለሙከራ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።