ከኪቦርዱ መሃል የሚወጣ ሊድ፦ ድሬ ላይ የጊታር ድምጼን እንዴት እንዳስተካከልኩ

ቤት ብቻህን ያሳመርከው የሊድ (ዜማውን ወይም ሶሎውን የሚጫወት ጊታር) ድምጽ ከባንድ ጋር ሲገባ ይጠፋል። ጣትህ ይሮጣል፣ ሰው የሚሰማው ግን ኪቦርዱን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሠርግና ፕሮግራም የሚሠራ ጊታሪስት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እኔ መፍትሔውን ያገኘሁት በያዝኩት ዕቃ ላይ ነው፦ ሚዱን (የድምጹን መሃለኛ ክፍል) ከፍ፣ ጌኑን (ድምጹን እስኪሻክር የሚገፋውን) ዝቅ። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ሁለት ሃምበከር (የክሩን ንዝረት የሚይዝ ፒክአፕ) ያላት ጊታር፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ኮምቦ አምፕ (ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን)፣ ሦስት ፔዳል፦ አንድ ኦቨርድራይቭ (ድምጽ የሚያሻክር)፣ አንድ ቡስተር (ድምጽ የሚገፋ)፣ አንድ ዲሌይ (ድምጹን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም)። ሁልጊዜ የምጀምረው ከአምፑ ነው። ፔዳሎቹን ሁሉ አጥፍቼ፣ አምፑ ብቻውን ደስ የሚል ንጹህ ድምጽ እስኪሰጠኝ ሌላ ነገር አልነካም። ንጹሁ ድምጽ ካስጠላ ኦቨርድራይቩ ያንኑ የሚያስጠላውን አጉልቶ ነው የሚያመጣው።

ብዙ ልጆች «የአምፑን ማዞሪያ ሁሉ 5 ላይ አድርገህ ጀምር፣ መሃል ነው» ይላሉ። በፌንደርና በማርሻል ዓይነት ሰርኪት በተሠሩ አምፖች ላይ ግን 5 መሃል አይደለም። ቤዝ (ወፍራሙ ድምጽ)፣ ሚድና ትሬብል (ቀጭኑ) እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። አንዱን ስታዞር የሌሎቹም ሥራ ይቀየራል። ሦስቱም እኩል ሲሆኑ ሚዱ ጎድጉዶ ነው የሚቀመጠው። ወደ ለጥ ያለ ድምጽ የሚጠጋው ቤዝና ትሬብል ዜሮ፣ ሚድ 10 ሲሆን ነው። እንዲህ አድርጌ አልጫወትም፤ ግን ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሚዱን 7 ወይም 8 ላይ ለማድረግ አላመነታም። ቤዙን 3 አካባቢ እተወዋለሁ። የታችኛውን ወፍራም ድምጽ ቤዝ ጊታርና ኪክ ድራም ይዘውታል፣ እዚያ ገብቼ የማተርፈው ነገር የለም።

ጆሯችንም የራሱ ጣጣ አለው። ድምጽ ዝቅ ሲል ቤዝና ትሬብልን አሳንሶ ነው የሚሰማው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን ለክተው አሳይተዋል። ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለህ ቀስ አድርገህ ስታስተካክል ሳይታወቅህ ቤዝና ትሬብል ትጨምራለህ። መድረክ ላይ ቮልዩሙ ሲከፈት የጨመርከው ሁሉ ፈጦ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን ማስተካከያ የማደርገው ልምምድ ላይ፣ ድራሙ እየተመታ ነው።

አሁን ወደ ጌን ልምጣ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ጌን ሲበዛ ድምጹ የገዘፈ ይመስላል። እውነቱ ግን ይታመቃል፤ በፒኩ ቀስ ብለህና ጠንከር አድርገህ የመታኸው ሁሉ እኩል ይሆናል። የኛ ዜማ ደግሞ የሚኖረው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ኖታውን ከመያዙ በፊት ጣቱን ትንሽ ያንሸራትታል። ያ መንሸራተት ካልተሰማ የተጫወትከው ኖታ ትክክል ቢሆንም ዜማው ባዶ ነው።

ስለዚህ ጌኔን የምመርጠው በቅኝቱ ነው። ትዝታ ሜጀር ግማሽ ቶን (በጊታር አንድ ፍሬት ርቀት) የሚባል ነገር የለውም፤ ኖታዎቹ ተራርቀው ስለተቀመጡ ትንሽ ዲስቶርሽን (የድምጽ መሻከር) ቢጨመር ይችላል። አምባሰል ላይ ግን ከመነሻው ኖታ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ቶን ብቻ ነው የሚርቀው። አንቺሆዬም እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው ኖታ ሳይሞት ሁለተኛውን ከመታህና ጌኑ ብዙ ከሆነ ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ ይንጫጫሉ። በእነዚህ ቅኝቶች ኦቨርድራይቩን ከሩብ በታች አወርደዋለሁ፣ ዲሌዩንም እቀንሳለሁ። የዲሌይ ጭራም ያው ነው፤ ያለፈው ኖታ ተመልሶ ከአሁኑ ጋር ይጋጫል።

ኦቨርድራይቬ ቲዩብ ስክሪመር የሚባለው የታወቀ ፔዳል ዓይነት ነው። ይህ ሰርኪት ቤዙን ቆርጦ 720 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሚድ ያጎላል፤ ለሊድ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ድራይቩ ዝቅ፣ ሌቭሉ ከግማሽ በላይ፣ ቶኑ መሃል። ቡስተሩ ከእሱ በኋላ ይገባል። ከኦቨርድራይቩ በፊት ካስቀመጥከው ዲስቶርሽን ይጨምርልሃል፣ በኋላ ሲሆን ቮልዩም። ለሶሎ የምፈልገው ቮልዩም ነው። ዲሌዩ መጨረሻ ላይ ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሳውንድ ቼክ ላይ ሆነን ሊዱ አሁንም ታፍኖ አስቸገረኝ። ኪቦርዲስታችን በግራ እጁ የስትሪንግ (የቫዮሊን ዓይነት) ድምጽ ይዞ ነበር፣ ልክ እኔ የምጫወትበት ቦታ ላይ። «ወንድሜ፣ እስኪ እሷን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋት» አልኩት። ከፍ አደረጋት። አንድም ነገር ሳልነካ ጊታሩ ፊት ለፊት ወጣ። ሳውንድማናችንም ከሚክሰሩ ላይ ቀና ብሎ «ምን አደረግክ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፔዳሌን ከመንካቴ በፊት ማን የት ኦክታቭ ላይ እንዳለ እሰማለሁ።

ዲሌይ ላይ ሒሳብ መሥራት እወዳለሁ። ችክችካ የሚባለው የኛ ምት ስድስት ስምንተኛ ነው። በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ካለው፣ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ለሦስት ሲከፈል 167 ገደማ። ዲሌዬን በሁለቱ ሲሶ፣ 333 ላይ አደርገዋለሁ። ድግግሞሹ ከድራሙ ጋር እየተጠላለፈ ይሄዳል፣ ዜማውንም አይሸፍንም። ድግግሞሹ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ድምጹም ዝቅ ያለ።

ድሬ ላይ ደግሞ በአንድ ማታ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ ሶማሊኛና ሐረሪ ትሻገራለህ። የዓሊ ቢራ የትውልድ ከተማ ነው፤ የእሱን ዜማ ሳትጫወት ከመድረክ አትወርድም። እዚያ ላይ ጊታሩ ንጹህ እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ ኦቨርድራይቩን አጥፍቼ ቡስተሩን ብቻ። የሶማሊኛው ዳንቶ ሲመጣ ምቱ ወደ ሬጌ ስለሚቀርብ ዲሌዩን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ።

አምፑን መሬት ላይ አታስቀምጠው። የስፒከር ትሬብል ቀጥታ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። አንተ አጠገቡ ቆመህ ጉልበትህን ሲመታው «ደነዘዘ» ብለህ ትሬብል ትጨምራለህ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡትን እንግዶች ግን ጆሯቸውን ትወጋቸዋለህ። እኔ የለስላሳ ሳጥን ላይ ጫን አድርጌ ወደ ኋላ አዘነብለዋለሁ። አሁን እኔና እነሱ የምንሰማው ተቀራረበ።

የፔዳል ኤሌክትሪክም ችላ አይባልም። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ መሃሉ ኔጋቲቭ የሆነ አዳፕተር ነው የሚፈልጉት። ከመሰካትህ በፊት ምልክቱን ተመልከት። ሁሉንም በአንድ አዳፕተር ስታያይዝ «እምምም» የሚል ድምጽ ከመጣ፣ የተነጠለ መውጫ ያለው ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ይገላግልሃል።

ሶሎ ሳይኖር የምቀንሰው በጊታሩ ቮልዩም ነው። ለማጀብ 7፣ ለሊድ 10። ቮልዩሙ ሲቀንስ ግን ትሬብሉም አብሮ ይሄድ ነበር፤ ፖቱ (የቮልዩም ማዞሪያው ሬዚስተር) እና የኬብሉ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ ባሕርይው) ተደምረው ላይኛውን ድምጽ ያፍኑታል። 1 ናኖፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን አድርጌ ቮልዩም ፖቱ ላይ፣ በመግቢያውና በመውጫው እግር መካከል በየድኩት። ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሁን 7 ላይ ሆኜ ዘፋኙን ሳጅብ ክሮቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ።