ቁርጥ ዋጋ

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደብረ ማርቆስ በሚገኘው የጥብቅና ቢሮዬ አንድ የግንባታ ውል አዘጋጀሁ። በተፈረመበት ዕለት፣ እስከዚያ ከጻፍኋቸው ውሎች ሁሉ ለደንበኛ የሚያስተማምነው ይህ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ደንበኛዬ ከደጀንና ከቢቸና ጤፍ እየሰበሰቡ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ ዕድሜያቸውን በእህል ንግድ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። በሊዝ በያዙት ቦታ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የንግድ ቤት ሊያሠሩ ከአንድ ተቋራጭ ጋር በቃል ተስማምተው ነበርና፣ «ልጄ፣ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ዋጋ ጨምሩልኝ የሚለኝ ሰው አልፈልግም» አሉኝ።

ተቋራጩ ባመጣው ረቂቅ ውስጥ፣ የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ከተወሰነ መጠን በላይ ከናረ ሒሳቡ እንደሚስተካከል የሚገልጽ አንቀጽ ነበር። ያንን ሰረዝሁትና ዋጋው ቁርጥ መሆኑን፣ በማናቸውም የገበያ ለውጥ ምክንያት እንደማይጨምር ጻፍሁ። ተቋራጩ ጥቂት አመነታ፤ ሆኖም ክረምቱ ሳይገባ መሠረቱን ለማውጣት ይቸኩል ነበርና ፈረመ። የሰረዝሁት አንቀጽ ለማን እንደሚጠቅም በዚያን ቀን በደንብ አልመረመርሁም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ የሚመረት ፌሮ እንኳ አብዛኛው ጥሬ ብረቱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ የዶላሩ ለውጥ ደብረ ማርቆስ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

ተቋራጩ በነሐሴ አጋማሽ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የምድር ቤቱ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ የመጀመሪያው ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም የወለሉ አርማታ፣ ግን በአዲሱ የፌሮ ዋጋ ሊሞላ እንደማይችል ይገልጻል። መልሱን በዚያው ዕለት ጻፍሁ፤ ሕጉ ግልጽ ነበርና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1764፣ ሁኔታዎች ተለውጠው የአንዱ ተዋዋይ ግዴታ አስቀድሞ ከገመተው በላይ ቢከብድበትም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1794 ደግሞ ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መጨመር፣ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙበት በቀር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሆኖ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ያ ግልጽ ስምምነት ሊሆን ይችል የነበረው እኔ የሰረዝሁት አንቀጽ ነው።

ደብዳቤው የመንገድ መዘጋትንም ያነሣ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውና በደጀን የሚወጣው ጭነት ለቀናት የሚቆምበት ጊዜ እንደነበር ማንም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ቁጥር 1792 አንድ ክስተት ከአቅም በላይ እንዲባል አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታውን ፈጽሞ የሚከለክል እንዲሆን ይጠይቃል። ውሉ ሲፈረም መንገዱ ቀድሞም ይዘጋና ይከፈት ስለነበር ይህንንም ምክንያት አልተቀበልሁትም። በሕግ ረገድ ዛሬም ያን መልስ ስሕተት ነው አልልም።

ተቋራጩ ሥራውን አላቋረጠም፤ ሁለት ግንበኛና አንድ ዘበኛ ብቻ ትቶ አቀዘቀዘው። ከምሰሶዎቹ አናት የወጣው ፌሮ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ከርሞ ቀላ። ባለንብረቱ የምድር ቤቱን ለአንድ ድርጅት አከራይተው የአንድ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተቀብለው ነበር፤ ገንዘቡም ለተቋራጩ ቅድመ ክፍያ ውሏል። በኪራዩ ውል የርክክቡ ቀን ሚያዝያ 2017 ሲሆን፣ ለዘገየበት ቀን ሁሉ መቀጫ ይከፈላል። የኪራይ ውሉን ያሳዩኝ ሥራው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ሆኖም በግንቦት ወር ጠይቄ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ በአንድ ሕንፃ ላይ የተጻፉ ሁለት ውሎች ተለያይተው መነበብ አልነበረባቸውም።

ለመስከረም ቀጠሮ ሰጠኋቸውና በቁጥር 1772 መሠረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኬ ክስ እንደማዘጋጅ ነገርኋቸው። ያኔ ግን መብታቸው ምን ያህል እንደሚያስገኝላቸውም ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ፍርድ ቤት ተቋራጩን አስገድዶ እንዲያሠራልን ብንጠይቅ፣ ቁጥር 1776 ግዴታው በግድ እንዲፈጸም የሚፈቅደው ጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረውና የባለዕዳውን ነጻነት ሳይነካ ሊፈጸም ሲቻል ነው። ካሣ ቢፈረድልንም፣ የሰውየው ሀብት አንድ የአርማታ ማቡኪያና በዱቤ የተገዛ መኪና ነው። አዲስ ተቋራጭ ብንቀጥር ደግሞ ሥራውን የሚይዘው በአዲሱ ዋጋ ነው።

ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሕጉ የኛ ነው አልህ፤ እሺ። እኔ በመስከረም ለገበሬ ቀብድ ሰጥቼ ጤፉ በኅዳር ቢወደድ፣ በተነጋገርንበት ዋጋ ጨክኜ ብወስድበት ለከርሞ እህሉን ለሌላ ነው የሚሰጠው። ጥቂት እጨምርለታለሁ፤ የጠየቀኝን ሁሉ ግን አልጨምርም» አሉ። እኔ ለሳምንታት ቁጥር 1764ን ሳነብ የኖርሁት በመጀመሪያው ንዑስ ቁጥር ላይ ቆሜ ነው። ሁለተኛው ንዑስ ቁጥር የሁኔታ ለውጥ ያስከተለውን ችግር ተዋዋዮቹ ራሳቸው በአዲስ ስምምነት ሊያስተካክሉት እንደሚችሉ ይናገራል። አዛውንቱ ሕጉን ሳያነቡ የደረሱት እዚያ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ስብሰባዎች ከሁሉ የበለጠ ያስተማሩኝ ናቸው። አንድ መሐንዲስ ቀጥረን የሥራ ዝርዝሩን መስመር በመስመር አስፈተሽነው። ድንጋይ፣ አሸዋና ብሎኬት የአካባቢው ስለሆኑ ከጭነት በቀር ብዙ የሚያስጨምራቸው ነገር አልተገኘም፤ የዶላሩ ለውጥ በርትቶ የነካው ፌሮውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ አሉሚኒየሙንና የመጸዳጃ ዕቃዎቹን ነበር። ተቋራጩ ጭማሪ የጠየቀው በጠቅላላው ዋጋ ላይ መሆኑም የታወቀው ያኔ ነው። ከፌሮው ከፊሉን በቅድመ ክፍያው ከሐምሌ በፊት ገዝቶ እንደነበር ደረሰኙ ስላሳየ፣ ያ መጠን ከስሌቱ ወጣ። ለቀሩት የተለዩ ዕቃዎች ከውሉ ዋጋ በላይ ያለውን የመጀመሪያ 10 በመቶ ጭማሪ ተቋራጩ እንዲሸከም፣ ከዚያ የሚያልፈውን እኩል እንዲካፈሉ፣ ፌሮውንም ባለንብረቱ ራሳቸው ለመደብሩ እየከፈሉ እንዲያስገቡ ተስማሙ። መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ያለ መቀጫ በማስረከቢያው ጊዜ ላይ ተጨመሩ። ማሻሻያው እንደ ዋናው ውል በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈረመ፤ የቅድመ ክፍያው ዋስም በኋላ አላውቅም እንዳይል አብሮ ፈረመ። ተከራዩ ድርጅትም የዘገየውን ጊዜ በመቀጫ ፋንታ ከኪራዩ ዘመን ጋር እንዲታሰብለት ተቀበለ።

ሶሌታው በኅዳር ወር ተሞላ። ፌሮው በገባ ዕለት ባለንብረቱ የእህል ሚዛናቸውን ከመጋዘን አስመጥተው ሳይቱ ላይ አቆሙ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ12 ሜትር ርዝመቱ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን እንዳለበት ከመሐንዲሱ ሰምተው ነበርና፣ ከየእስሩ አንዳንድ ቤርጋ (የፌሮ ዘንግ) እያስመዘዙ ክብደቱን ጤፍ በሚመዘግቡበት ደብተር ላይ ጻፉ፤ ተቋራጩም ከጎናቸው ቆሞ ቁጥሩን ያነብላቸው ነበር።